ቤት የማይመታ ግጥምና ጠባብ ቦታ የማይበቃው ዳሌ

አንዲት ሴት ስለ ገላዋ፣ ስለ ማሕፀኗ ወይም ስለ ሽበቷ የጻፈችው፣ ቤት የማይመታ አጭር ግጥም በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ሲለጠፍ ከሥሩ የሚከተለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ይሄ ግጥም ነው ወይስ ተቆራርጦ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር?» ይላል። ሁለተኛው የልብ ምልክት አስቀምጦ «እኔን ነው የጻፍሽው» ብሎ ያልፋል። የፊተኛው ቅርጹን አይቶ ከደጅ ይመለሳል፤ የኋለኛው መልእክቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ስንኙ ለምን እዚያ ላይ እንደተቆረጠ፣ ቁርጡ ከሚነገረው ነገር ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህ በአንባቢ ስንፍና የሚሳበብ አይደለም። ነጻ ግጥም የሚነበብበት ልማድ በአማርኛ ገና አልረጋም። ጉዳዩ ሴትነትና «ራስን መቀበል» ሲሆን ደግሞ ክርክሩ በቅርጽ ላይ ይሁን በሥነ ምግባር ላይ ሳይለይ ይደበላለቃል። ነገሩን ለመለየት ስለ ግጥም በጥቅሉ ከማውራት አንዲት ገጣሚ ይዞ ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል። እዚህ የምንይዘው አሜሪካዊቷን ሉሲል ክሊፍተንን ነው።

«ግጥም» የሚለው ቃል ምን ያስጠብቀናል?

ግጥም ከ«ገጠመ» የወጣ ቃል ነው። ክዳን ከድስቱ ይገጥማል፣ መዝጊያ ከመቃኑ ይገጥማል፤ ስንኝም ከስንኝ። ስለዚህ አንድ አማርኛ ተናጋሪ «ይሄ አይገጥምም፣ እንዴት ግጥም ይባላል?» ሲል ቃሉ ራሱ ያቀበለውን ፍርድ ነው የሚናገረው። ልማዱም ጠንካራ ነው። ወል ቤት በሚባለው ምት እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የድምፅ ክፍል፣ ይዞ መሐል ላይ ስድስት ስድስት ይከፈላል። ሰንጎ መገን አምስት አምስት እያለ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ቤት ይመታል፣ ጆሮ ይረካል፣ ስንኙም በቃል ይያዛል። ከአዝማሪ እስከ አልቃሽ፣ ከሽለላ እስከ ሠርግ ዘፈን የኖርነው በዚህ ነው።

ነጻ ግጥም ይህን ግዴታ ይተዋል። ስያሜው የመጣው ከፈረንሳይኛው «ቬር ሊብር» ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የፈረንሳይ ገጣሚዎች ጥብቁን የስንኝ ስሌታቸውን ሲያላሉ የተስፋፋ ቃል ነው። አሜሪካዊው ዋልት ዊትማን ከዚያ ቀድሞ፣ በ1855፣ ረጃጅምና ቤት የማይመቱ ስንኞች አሳትሞ ነበር። ይሁን እንጂ «ነጻ» የሚለው ቅጽል ያሳስታል። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1917 በጻፈው መጣጥፍ ነጻ ግጥም የሚባል ነገር የለም እስከ ማለት ደርሷል። ክርክሩ ቀላል ነው፦ ቤት መምታቱ ሲቀር ሥራው አይቀልም፤ ሸክሙ በሙሉ ቋንቋው ላይ ይወድቃል። ደካማ ቃል የሚደበቅበት ዜማ የለም።

ለእኛም ክርክሩ አዲስ አይደለም። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከተለመደው ምት ወጣ ያሉ ግጥሞች ጽፏል። ሰለሞን ዴሬሳም በ1963 ዓ.ም. የግጥም መድበሉን «ልጅነት»ን ሲያሳትም ያው የዛሬው ጥያቄ ተነሥቶበታል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ልዩነቱ ያኔ ክርክሩ በጥቂት የተማሩ ወንዶች መካከል መሆኑ ነው።

አሥራ አምስት ስንኝ ስለ ዳሌ

ክሊፍተን እ.ኤ.አ. በ1936 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደች፤ በ2010 አረፈች። ጥቁር አሜሪካዊት፣ የስድስት ልጆች እናት ነበረች። ስትወለድ በሁለቱም እጇ ትርፍ ጣት ነበራት፤ እናቷም እንዲሁ፣ ልጇም እንዲሁ። የክሊፍተን ትርፍ ጣቶች በልጅነቷ ተቆርጠዋል። ሰው ከልክ ውጭ ነው ብሎ የቆረጠው ገላ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር አላስፈለጋትም።

በ1980 ባሳተመችው መድበል ውስጥ ለዳሌዋ የጻፈችው አጭር ውዳሴ አለ። አሥራ አምስት ስንኝ ነው። ሲጀምር ዳሌዎቹ ትልልቅ መሆናቸውን ይናገራል። ሁለተኛው ስንኝ ቦታ እንደሚፈልጉ ይናገርና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ድንገት ያቆማል፤ ቦታው ለምን እንደሚፈለግ፣ ማለትም እንደ ልብ ለመንቀሳቀስ መሆኑ፣ የሚነገረው ወደ ታች ከተወረደ በኋላ ነው። በስንኙ መጨረሻና በገጹ ጠርዝ መካከል ባዶ ነጭ ወረቀት ይቀራል። ዳሌው የጠየቀውን ቦታ ገጹ ሰጠው ማለት ነው። ይህን በዝርው፣ በተራ ጽሑፍ፣ ብንጽፈው ባዶው ቦታ ይጠፋል፣ ጥያቄው ብቻ ይቀራል።

ቀጥሎ እነዚህ ዳሌዎች ትንንሽና ተራ ቦታ ውስጥ እንደማይገቡ ይነግረናል። እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ከእንግሊዝኛው አንባቢ የሚበልጥበት ነገር አለ። እንግሊዝኛው የተጠቀመበትን ግሥ «አይገጥሙም» ብለን ልንመልሰው እንችላለን፤ ያን ጊዜ «ግጥም» የሚለው ቃል ራሱ ይነካል። የማይገጥም ገላ በማይገጥም ስንኝ ተነገረ። ዓረፍተ ነገሩም በስንኙ መሐል ያልቅና አዲሱ እዚያው ላይ ይጀምራል፤ በተሰጠው መስመር ውስጥ ተጣጥፎ አይቀመጥም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በ12 ቀለም ልክ አሳምሮ የሚዘጋ ወል ቤት ይህን ሐሳብ ቢሸከም ኖሮ ቅርጹ የሚነገረውን ያስተባብል ነበር። ግጥሙ ነጻ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው፤ ገጣሚዋ ቤት መምታት ስላቃታት አይደለም።

ምት የለውም ማለትም ስሕተት ነው። «እነዚህ ዳሌዎች» የሚለው ሐረግ አምስት ጊዜ ይመለሳል፤ እንደ ከበሮ ነው የሚመታው። በመሐል ዳሌዎቹ ባሪያ ሆነው እንደማያውቁ ይናገራል። የክሊፍተን ቤተሰብ የዘር ሐረግ ከምዕራብ አፍሪካዊቷ ዳሆሜ ተወስዳ በባርነት ወደ አሜሪካ ወደ መጣች ሴት ይደርሳል፤ ይህንንም እሷው በ1976 ባሳተመችው የቤተሰብ ታሪክ ጽፋዋለች። በባርነቱ ዘመን የአንዲት ሴት የመውለድ አቅም በዋጋዋ ውስጥ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ያ ስንኝ ተራ ፉከራ አይደለም። የሴት አያቶቿ ገላ ተሽጧል፤ እሷ የምትለው ይህ ገላ ግን ለዚያ ውል አልፈረመም ነው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ግጥሙ ይስቃል። መጨረሻው ላይ ዳሌዎቹ ወንድ ላይ ድግምት ጥለው እንደ እሽክርክሪት ያዞሩታል። ተርጓሚ «እንደ እንዝርት» ቢል የሚያስቀይም አይመስለኝም፤ እንዝርቱ የሴት እጅ የሚያሾረው ዕቃ ነውና። «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» ብሎ የሚቸኩል አንባቢ በመጀመሪያ የሚያመልጠው ይህ ሳቅ ነው።

ዳሌሽ፣ ዳሌዋ፣ ዳሌዬ

«የሴትን ገላ በግጥም ማውጣት ነውር ነው፣ ባህላችን አይደለም» የሚል ተቃውሞ ተደጋግሞ ይሰማል። ነገሩ ሲታይ ግን የአማርኛ ዘፈን የሴትን ገላ ከእግር እስከ ራስ ሲቆጥር ነው የኖረው፦ ተረከዘ ሎሚ፣ አንገተ ብርሌ፣ ጥርሰ በረዶ፣ አፍንጫ ሰልካካ፣ ወገበ ሸንቃጣ። ዳሌም አልቀረም። ልዩነቱ ያለው ከስሙ ጫፍ በምትቀጠለው ድምፅ ላይ ነው። በዘፈናችን «ዳሌሽ» እና «ዳሌዋ» እንደ ልብ ነው፤ «ዳሌዬ» ግን እምብዛም አይሰማም። ነውር የሚሆነው ገላው መጠራቱ ሳይሆን ባለቤቱ ስትጠራው ነው።

ገላን ክፍል በክፍል ማወደስ በግእዝ ሥነ ጽሑፍም ከፍ ያለ ቦታ አለው። የመልክእ ድርሰት የቅዱሱን ወይም የቅድስቲቱን ስም አስቀድሞ፣ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን የአካል ክፍል «ሰላም ለ…» እያለ ሰላምታ ያቀርባል፤ አርኬው፣ ማለትም የድርሰቱ አንዱ አንጓ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስንኝ ሆኖ በአንድ ቤት ይዘጋል። መልክእ ጸሎት ነው፤ የክሊፍተን ግጥም ጸሎት አይደለም፤ ንጽጽሩ ስለ ቅርጽ ብቻ ነው። ግን በመልክእ ያደገ ጆሮ «ለዳሌዬ ክብር ይገባል» የሚል ግጥም ሲሰማ ከየትኛውም የምዕራብ አንባቢ በፊት የሚያውቀው ነገር አለ፦ ሰላምታ የሚቀርብለት አካል የተከበረ አካል ነው። አዲሱ ነገር ሰላምታ ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

ሴቶች በአማርኛ አልገጠሙም ማለት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ሙሾ አውራጇ፣ ወፍጮ ላይ የምታንጎራጉረው ሴት ገጣሚዎች ናቸው፤ ወንዶች በሞሉበት የቅኔ ጉባኤም በጎጃም እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ መምህርት ወጥተዋል። ይሁንና አልቃሿ የምታወድሰው ሟቹን ነው፤ የምታለቅስለት ቤተሰብ ተቀምጦ ስለ ራሷ ገላ አትገጥምም።

«ራስን መቀበል» ሲባል

«ራስን መቀበል» ከሥነ ልቦና የተዋስነው ሐረግ ነው። ትርጉሙ ሰው የማይለውጠውን ነገሩን፣ ገላውንም ታሪኩንም፣ ሳይክድና ሳያፍርበት «የኔ ነው» ማለቱ ነው። በየዕለቱ ንግግር ግን ከሁለት ነገሮች ጋር ይምታታል፤ ከራስ ወዳድነትና «እንዲህ ነኝ፣ አልለወጥም» ከሚል ግትርነት። የሃይማኖት ሰዎች የሚያነሡት የትሕትና ጥያቄም ከዚህ መምታታት ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው። በነገራችን ላይ አማርኛ ለ«መቀበል» ሌላም ትርጉም አለው፦ አዝማሪው «ተቀበል!» ሲል ስንኙን ያዝና በድምፅህ መልሰው ማለቱ ነው። ለግጥም ከሥነ ልቦናው ትርጉም ይልቅ ይሄኛው ሳይቀርብ አይቀርም።

ክሊፍተን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችው መድበሏ ውስጥ ያለው ሌላ ግጥሟ ይህን ያሳያል። አሥራ አራት ስንኝ ነው፤ ሶኔት የተባለውን የአውሮፓ ባለ አሥራ አራት ስንኝ ግጥም ቁጥር ይዞ የሶኔትን ቤት ግን ይተዋል። ተናጋሪዋ የሠራችውን «ሕይወት ቢጤ» አብሯት የሚያከብር ሰው ትጠራለች። አርአያ አልነበረኝም፣ የተወለድኩት በባቢሎን ነው፣ ነጭ አይደለሁም፣ ሴት ነኝ፤ ከራሴ በቀር ምን ልሆን እችል ነበር? ትላለች። ባቢሎን የሚለው ቃል በግእዙ ዳዊት 136ኛውን መዝሙር ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም፤ በባዕድ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ማልቀስ ነው። ከዚያ በከዋክብት ብርሃንና በጭቃ መካከል ባለ ድልድይ ላይ ቆማ አንዱ እጇ ሌላውን እጇን አጥብቆ ይይዛል። ስንኙ የሚቆረጠው በሁለቱ እጆች መካከል ነው፤ አንዱ እጅ ከላይ፣ ሌላው ከታች። ድልድዩን ዓይናችን ራሱ ይሻገረዋል።

እዚህ የምናየው ራስን መቀበል የመስታወት ፊት ፈገግታ አይደለም። የሚይዛት ሌላ እጅ የሌላት ሴት በራሷ እጅ መያዟ ነው። ደስታ ብለን ብናነበው እንሳሳታለን፤ ብቸኝነቱ እዚያው አለ። ግጥሙ የተጀመረው ግን በጥሪ ነው፤ ብቻዋን ሠርታ ለማክበር ግን ሰው ትፈልጋለች። «ራስን መቀበል ግለኝነት ነው» የሚለው ወቀሳ ይህን ግጥም አያገኘውም።

አማርኛ ላይ ሲመጣ

የአማርኛ ነጻ ግጥም ከባድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ሰዋስው ነው። በአማርኛ ግሥ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ የግሡም መጨረሻ ተደጋጋሚ ነው። ለማስረዳት ያህል፦

መስታወት ፊት ቆምኩኝ
ገላዬን አየሁኝ
ይበቃሻል አልኩኝ

ሦስቱም ስንኝ ያለ ምንም ልፋት በ«ኝ» ቤት መቱ። ቤቱ የመጣው ከሐሳብ ሳይሆን ከግሥ ርባታ ነው። በእንግሊዝኛ ቤት ለመምታት ይለፋል፤ በአማርኛ አንዳንዴ ላለመምታት ነው የሚለፋው። ስለዚህ የአማርኛ ነጻ ገጣሚ ግሡን መደበቅ፣ መስበር ወይም መተው አለባት፦

መስታወቱ ውስጥ
የእናቴ ትከሻ
ቀሚሴን ለብሶ

እዚህ «ውብ ነኝ» የሚል የለም፣ «ራሴን ተቀበልኩ» የሚልም የለም። ገላ ከእናት መወረሱ፣ ማርጀትም መምሰልም በአንድ ቀሚስ ውስጥ መግባታቸው በሦስት ስንኝ ተነግሯል። «ቀሚሴን» የሚለው ቃልም ሥራ አለው። በአማርኛ «እኔ» ጾታ የለውም፤ «ቆምኩ» የወንድም የሴትም ነው። ተናጋሪዋ ሴት መሆኗን የሚነግረን ግሡ ሳይሆን ቀሚሱ ነው።

«አንቺ» ሲመጣ ደግሞ ጾታው ወዲያው ይታወቃል። ለዚህ ይመስላል በየገጹ የሚለጠፉት «የሴትነት» ግጥሞች ብዙዎቹ በትእዛዝ አንቀጽ የሚጻፉት፦ ውደጂ፣ ተነሺ፣ ተቀበዪ። ችግሩ ይህ ድምፅ የምክር ድምፅ መሆኑ ነው። ከአክስት፣ ከሰባኪ፣ ከአማት የለመድነው ድምፅ ነው። «እፈሪ» ሲላት የኖረው ሰው አሁን «አትፈሪ» ቢላት ትእዛዙ ይለወጥ እንጂ አዛዥነቱ አልተለወጠም። ክሊፍተን ግን አታዝም፤ ስለ ራሷ ትናገራለች።

የተቺዎች ሚዛን

በዓለም ደረጃ ይህ ክርክር የጋለው በሩፒ ካውር ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በሕንድ ፑንጃብ ተወልዳ ካናዳ ያደገችው ካውር አጫጭር ግጥሞቿን ኢንስታግራም ላይ ስትለጥፍ ቆይታ በ2014 የመጀመሪያ መጽሐፏን በራሷ አሳተመች፤ መጽሐፉ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 እንግሊዛዊቷ ገጣሚ ርብቃ ዋትስ «ፒ ኤን ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ ካውርን ጨምሮ በማኅበራዊ ሚዲያ የገነኑ ገጣሚዎችን አጥብቃ ተቸች፤ ቅንነት የጥበብን ቦታ እየወሰደ ነው፣ ተቺዎችም ፈርተው ዝም ብለዋል ስትል። ተከላካዮቹ ደግሞ ይህ ትችት ወጣት ሴቶችን፣ በተለይም ነጭ ያልሆኑትን፣ ከበር የሚመልስ ነው አሉ።

ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ፤ እኔ ግን የምደገፈው ወደ ዋትስ ጠጋ ብዬ ነው፤ አንባቢዎቹን ሳልንቅ። አንድ ቀላል ፈተና አለ። ስንኞቹን ገጣጥሞ እንደ ዝርው ማንበብ። «አንቺ / ብርቱ / ነሽ / ይበቃሻል» የሚለው «አንቺ ብርቱ ነሽ፤ ይበቃሻል» ቢሆን ምን ጠፋ? ምንም። ስለዚህ ቆረጣው ጌጥ ነበር። የዳሌው ግጥም ላይ ይህንኑ ብናደርግ ነጩ ቦታ፣ የከበሮው ምት፣ ከመስመር ማምለጡ ይጠፋል። ፈተናው ማንበቢያ እንጂ መውገሪያ አይደለም፤ ፈተናውን የወደቀ ጽሑፍ ግጥም ባይሆንም ለጻፈችው ሴት ማስታገሻ ሊሆን ይችላል፤ ያም የራሱ ዋጋ አለው።

የቅርጽ ብልሃት ሁሉ ከቋንቋ ቋንቋ አይሻገርም። ካውር በትንንሽ ፊደል ብቻ የምትጽፈው ጉርሙኪ የተባለው የፑንጃቢ ጽሕፈት ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው፣ ያንን ለማክበር መሆኑን ተናግራለች። ክሊፍተንም በእንግሊዝኛ ሁሌ በትልቅ ፊደል የሚጻፈውን «እኔ» በትንሹ ትጽፈዋለች፤ ራስን ማክበርና ራስን አለመቆለል በአንድ ፊደል። በፊደላችን ይህ ሁሉ አይታይም። በስልክ የሚነበብ ግጥም ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ጠባብ ስክሪን ረጅሙን ስንኝ በራሱ ይቆርጠዋል፤ አንባቢ የገጣሚዋን ቁርጥ ከስልኩ ቁርጥ አይለይም። ቆረጣው በጆሮ የሚለየው ሲነበብ ነው። በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይካሄድ እንደነበረው ጦቢያ ግጥምን በጃዝ ያሉ መድረኮች ለዚህ ጠቅመዋል፤ ገጣሚዋ ዝም ስትል ዝምታው ይሰማል።

ከሴቶች መብት ተከራካሪዎች የሚመጣ ከበድ ያለ ተቃውሞም አለ። «ራስሽን ተቀበዪ» ማለት ጫማው ጠባብ ለሆነባት ሴት እግርሽን ውደጂ ማለት ነው ይላሉ፤ ሥራው ወደ እሷ ይገፋል፣ ጫማ ሰፊው ነጻ ይወጣል። ይህ ለብዙ ልጥፎች ልክ ነው። ክሊፍተን ግን ጥፋቱን ከዳሌው ላይ አንሥታ ቦታው ላይ ነው የምትጥለው፤ ጠባብና ተራ የተባለው ቦታው ነው።

አክብሩልኝ

ያ ሁለተኛው የክሊፍተን ግጥም ወደ አማርኛ ቢመለስ መጀመሪያ የሚያስቸግረው «አንተ/አንቺ/እናንተ» ነው። የእንግሊዝኛው ተጠሪ ጾታም ቁጥርም አልለየም፤ አማርኛ ግን ሳይለይ አያልፍም። «አታከብሪልኝም?» ካልን ጥሪው ለሴት ብቻ ይሆናል፣ «አታከብርልኝም?» ካልን የወንድን ይሁንታ የምትለምን ይመስላል፤ «አታከብሩልኝም?» ደግሞ ለብዙ ሰውም ለአንድ ትልቅ ሰውም ይሆናል። የመጨረሻው ሳይሻል አይቀርም፤ ድግስ ጠሪ ጎረቤቱን የሚጠራበት ነውና። በምላሹ አማርኛ እንግሊዝኛው የሌለውን ይሰጣል፦ «ማክበር» በዓልን ማክበርም ሰውን ማክበርም ነው።

የምታስከብረውም ነገር በየቀኑ አንድ ነገር ሊገድላት መሞከሩንና አለመቻሉን ነው። የእንግሊዝኛው ግጥም አለመቻሉን ለብቻው አውርዶ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ያስቀምጠዋል። በአማርኛ ለዚህ ምንም ብልሃት አያስፈልግም፤ ግሡ የት እንደሚቀመጥ ቋንቋው ቀድሞ ወስኗል፦

በየቀኑ አንድ ነገር
ሊገድለኝ ሞክሮ
አልሆነለትም።